ሄደሩ ወይስ መሪው

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ዛሬ የፍሬን ቀን ነበር፣ አውቃለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። ፍሬኑ ይቆይ። ያቺ ቪዲዮ ከራሴ አልወጣ አለች። ግሩፑ ላይ የተለቀቀችው፣ የእ.ኤ.አ. 1970 ቼቬሏ፣ የድሮዋ ሸቭሮሌት፣ ኤልኤስ የሚሉት የጂኤም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የገባባት። ያላያችሁ ኋላ እዩት፣ አሁን ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ።

ሞተሩ ተቀምጧል፣ ካምቢዮው ታስሯል፣ በሹፌሩ በኩል ረጅሙ ሄደር፣ ከሞተሩ ጭስ የሚያወጡት ቱቦዎች፣ ገብቷል። ልጁ መሪውን ወደ ግራ ያዞራል፤ ምንም። ወደ ቀኝ ያዞራል… ቀጭ። አንዲት ቀጭ ብቻ። ይመልሰዋል፤ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ። ከዚያ ካሜራውን የያዘው ሰው ይስቃል፣ ልጁ መዶሻውን ያነሳል፣ ቪዲዮው ያልቃል።

እኔ መዶሻው አይደለም የቆጨኝ። ቆይ፣ ትንሽ መዶሻውም ነው። ግን መጀመሪያ ያቺን ቀጭ እንያት። በአንድ ሙሉ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትሰማው፣ ልብ ብላችኋል? የመሪው ዘንግ ራሱ ቱቦውን ቢነካ ኖሮ ድምፁ የሚፋተግ ነበር፣ አይቋረጥም። በዙር አንዴ የሚነካ ነገር ከዘንጉ ወጣ ያለ ነገር ነው። ማለትም የመገጣጠሚያው ቡሎን ጭንቅላት። በፋብሪካው መሪ ላይ ከመሪ ሳጥኑ አጠገብ ያቺ የጎማ መገጣጠሚያ አለች፣ ወፍራም ናት፣ ቡሎኖቿ ወደ ውጪ ያፈጠጡ ናቸው። እና ልጁ ቱቦውን ሊጨፈልቅ ነው ለአንድ ቡሎን ጭንቅላት!

ጎማዋን አውጥቶ ቀጠን ያለ የብረት ዩ ጆይንት፣ እየታጠፈ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ ቢያስገባ፣ ዘንጉንም በ¾ ኢንች ዲዲ ዘንግ፣ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ በሆነው፣ ቢተካ፣ እ… 19 ሚሊሜትር፤ እዚያች ቦታ ላይ ጥሩ ክፍተት ያገኛል። ጎማዋ ደግሞ ከሄደር አጠገብ ብትቀር ሙቀቱ ያደርቃታል፣ ትሰነጣጠቃለች። አንዱ ዩ ጆይንት ከ35 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ብቻ። ማዕዘኑ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ይደረጋል። ሦስት ከሆነ ግን በመሃል ዘንጉን የሚይዝ ቡሽ ያለው ድጋፍ ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ዘንጉ እንደ ገመድ ይወዛወዛል።

እሺ። ግን ይሄም ችግሩ አይደለም። ችግሩ ፈተናው የተደረገው ሞተሩ ቆሞ ነው። ይሄ ሞተር ነዳጅ ሲረገጥ በማውንቱ፣ ማለትም ሞተሩን በሚይዘው ባለ ጎማ መቀመጫ፣ ላይ ይጠመዘዛል። ክራንኩ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከፊት ለፊት ስታዩት በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ብሎኩ በተቃራኒው ይገፋል፤ የሹፌሩ በኩል ይነሳል፣ የተሳፋሪው በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ 3 ሚሊሜትር ክፍተት አለኝ ያለ ሰው ምንም የለውም። ለሚንቀሳቀስ ነገር ቢያንስ 10፣ ቢቻል 12 ሚሊሜትር ይተው። የማውንቱ ጎማ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ያም ላይበቃ ይችላል። ቀላሉ መንገድ የልጆች መጫወቻ ሸክላ ቱቦው ላይ መለጠፍ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞር፣ ሞተሩን በክሪክ ከስር በእንጨት ትንሽ ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ ሸክላው የት እንደተጫነ ማየት ነው። ይሄን ሁሉ ካንዴላዎቹና ገመዶቻቸው ታስረው። ብዙ ሰው ካንዴላ ሳያስገባ ይለካና ኋላ የገመዱ ጫፍ ቱቦው ላይ ተኝቶ ያገኘዋል።

እና… አዎ፣ ሄደር እንዴት ይመረጥ ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ስለ ቱቦው ስፋት ነው ሁሉም የሚጠይቀኝ። 1¾ ነው፣ 44 ሚሊሜትር፣ ለ5.3ም ለ6.0ም ሊትር ይበቃል፣ አለቀ። 1⅞ን፣ ማለትም 48ን፣ ትልቅ ካም፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ላለውና በከፍተኛ ዙር ለሚሽከረከር ሞተር ተዉለት። ሰብሳቢው፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት፣ 3 ኢንች፣ 76 ሚሊሜትር። በዚህ አንጣላ። የሚያጣላው ሌላ ነው፤ ከኤልኤስ ሄደር ውስጥ ቴስታታው ላይ የማይገጥም ማግኘት ይከብዳል፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ በቤተሰቡ ውስጥ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የመጣው ተተኪው ኤልቲ ሞተር ብቻ ነው የተለየው፣ እሱን አትቀላቅሉ። ስለዚህ "ለኤልኤስ ይሆናል" የሚል ጽሑፍ ምንም አልነገራችሁም። የሚገጥመው ወይም የማይገጥመው መኪናው ላይ ነው።

መኪናው ላይ ደግሞ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ የማውንቱ ማስማሚያ ሰሌዳ፣ የዘይት ቋቱ፣ ሄደሩ። ሰሌዳው ሞተሩን በፋብሪካው ቦታ የሚያስቀምጥ አለ፣ አንድ ኢንች፣ 25 ሚሊሜትር ወደ ኋላ የሚወስድ አለ። ያቺ 25 ሚሊሜትር የኋለኛውን ሲሊንደር ቱቦ ከመሪው ዘንግ ታርቀው ይሆናል፣ ወይም ቀጥታ ፋየርዎሉ፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ብረት፣ ላይ ታስጠጋው ይሆናል። ሄደር የሚሠሩት ሰዎች እኮ ይጽፉታል፤ "ከዚህ ሰሌዳና ከዚህ ቋት ጋር" ብለው። ያቺን መስመር ሳያነብ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ነው መዶሻ የሚያነሳው። የፒክአፕ ዘይት ቋት ያለው ኤልኤስ ቼቬል ውስጥ ከገባ ቋቱ ከታች ይንጠለጠላል፤ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ለማምለጥ ሲሞከር ደግሞ ቱቦዎቹ ሁሉ አብረው ቦታ ይቀይራሉ። ቅደም ተከተሉ ቋት፣ ሰሌዳ፣ ከዚያ ሄደር ነው። ሄደሩን መጀመሪያ በቅናሽ ገዝታችሁ የምትደውሉልኝ… (ሳቅ) ታውቃላችሁ ራሳችሁን።

በእጅ ማርሽ የሚያደርጋት ካለ ደግሞ የድሮው የፍሪሲዮን ዘንግ በሹፌሩ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ከረጅም ሄደር ጋር አይስማማም። ሃይድሮሊክ አድርጉት። ሞተሪኖው በተሳፋሪው በኩል ነው፤ ቱቦው በጣም ከቀረበው የሙቀት መከላከያ ይልበስ፣ ካልሆነ ሞቆ ሲቆም መነሳት እምቢ ይላል።

መዶሻው። ቱቦን ትንሽ መጫን ኃይል አያሳጣም፣ አንድ ቱቦ ላይ መጠነኛ ጉድጓድ የሚያጠፋው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግን ሴራሚክ የተቀባ ነበር! ቪዲዮው ላይ ያብለጨልጫል። ሴራሚኩ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። መጫን ካለበት ሳይቀባ በፊት፣ በእሳት አግሎ፣ በክብ ብረት ቀስ ብሎ። ሙቀት መከላከያ ጨርቅ እንጠቅልልበት የምትሉም አላችሁ፤ ተራ ብረት ላይ ጨርቁ ውሃ ይይዛል፣ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፣ ብዙዎቹ አምራቾችም ከተጠቀለለ ዋስትናውን ያነሳሉ።

ደግሞ ቡሎኑ። 8 ሚሊሜትር ቡሎን ነው፣ በየጎኑ ስድስት። ከመሃል ወደ ዳር፣ መጀመሪያ 15 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 25። ብረት ድርብርብ ጓርኒሲዮን፣ የወረቀቷን አትግዙ። ከፒክአፕ የወጣ ሞተር ከሆነ የኋለኛዋ ቡሎን ተሰብራ ልትገኝ ትችላለች፤ ሞተሩ ውጪ እያለ እዩዋት፣ ከገባ በኋላ ፋየርዎሉ እጅ አያስገባም። እዚያ ጋ ጭስ የሚያፈስ ካለ የኦክስጅን ሴንሰሩ ከውጪ የገባውን አየር ያነብና ነዳጅ አነሰ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ መኪናዋ በነዳጅ ሽታ ትሞላለች፤ ሰውየው ደግሞ ኢንጀክተር ይቀይራል። የሴንሰሩን መቀመጫ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ አዙራችሁ አስበይዱት፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት።

እና የማልወስነው… ያ ልጅ ረጅም ሄደር ለምን ፈለገ? መኪናዋ የሰንበት መኪና ናት፣ ራሱ ነው ያለው። የካማሮ ወይም የኮርቬት ፋብሪካ ማኒፎልድ፣ አጭሩን የጭስ መውጫ፣ ቢያደርግበት መሪው ነጻ፣ ካንዴላው ነጻ፣ ከስር የሚጋጭ ሰብሳቢ የለም። የፒክአፑን አይደለም፣ የእሱ መውጫ ብዙ ጊዜ ቴላዮ ላይ ነው የሚመጣው። ኃይል ያጣል፣ አዎ፣ ላይኛው ዙር ላይ። የእሳቱ ተራ፣ ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል፣ 1-8-7-2-6-5-4-3 ነው፤ በሹፌሩ በኩል 3ና 1 ተከታትለው በ90 ዲግሪ ይተኩሳሉ፣ በአጭር ማኒፎልድ ጭሳቸው ቶሎ ይገናኛል፣ ረጅሙ ቱቦ ያራርቃቸዋል። ለዚያ ነው ረጅሙ የሚያተርፈው። ድምፁም…

ድምፁ፣ አይ፣ ድምፁን ብሰማ እኔም ረጅሙን ነው የምለው። ግን የመንገድ እብጠት ላይ ሰብሳቢው ሲፋቅ ደግሞ፣ እንጃ። አጭሩን ሄደር፣ ሞተሩን ተጠግቶ የሚወርደውን፣ በእንግሊዝኛ ብሎክ ሀገር (block hugger) የሚሉትን ብል ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ካንዴላው ላይ ያመጣዋል፣ ከፋብሪካው ማኒፎልድም ያን ያህል አያተርፍም፣ ለምን ገንዘብ ይወጣል?

ልጁ መልስ ከጻፈልኝ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው፤ ሰሌዳው የትኛው ነው? ፋብሪካው ቦታ ላይ ነው ወይስ 25 ወደ ኋላ? ወደ ኋላ ከሆነ… ግን ያኔ ማሞቂያው ሳጥን በተሳፋሪው በኩል… አይ፣ ቆይ፣ ቪዲዮው ላይ ማሞቂያው ነበር እንዴ? አሁን ራሱ ልከፍተው ነው።