የደጋ ሊጥ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም። እኔና አንድ ዳቦ ብቻ ነን። ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ፓትራው እየቀዘቀዘ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ምሳ ዕቃ ነው። የምንገዛው ስላይስ ዳቦ በሁለተኛው ቀን ይፈረፈራል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «አባዬ፣ እኔ እኮ በሹካ ነው የበላሁት» አለችኝ። ሳንድዊች በሹካ! እልህ ያዘኝ።

ከዩቲዩብ የአንዲት ሴትዮ አሠራር ይዤ ገባሁበት። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ ትንሽ ስኳር፣ ጨው፣ ቅቤ። ለጋ ቅቤ ማለቴ ነው። የወጥ ቅቤ የጨመረ ሰው አውቃለሁ፤ ዳቦው ኮረሪማ ኮረሪማ ብሎ አረፈው። እሺ፣ እኔው ነኝ።

አሸሁ፣ ሸፈንኩ። ሴትዮዋ «አንድ ሰዓት ጠብቁ» ስላለች ጠበቅሁ። ፓትራው ላይ አድርጌ ደግሞ ጠበቅሁ። ጉብ ብሎ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። ምድጃ ገብቶ አስር ደቂቃ ሳይሞላው መሃሉ ስምጥ አለ። ኮርቻ! ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነብኝ። እርሾውን ረገምኩ፣ ምድጃውን ረገምኩ።

ለካ ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ይሰምጣል። የሴትዮዋ አንድ ሰዓት የቆላ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ያለሁት ደጋ።

እርሾውን ወደ 5 ግራም ቀነስኩ። ቅዳሜ ዕለት እማዬ ስትመጣ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞልቼ ሊጡ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሳቀችብኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ድፎ የደፋች ሴት ናት። ጨርቁን ገለጥ አደረገች፣ ጣቷን ዱቄት አስነካችና ሊጡን ጫን አለችው። ጉድጓዷ ቀስ እያለች ሞላች፤ ግን እስከ መጨረሻው አልሞላችም። «በል አስገባው» አለች። ስልኬ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል። ጉድጓዷ ቶሎ ከሞላች ሊጡ ገና ነው፣ እንዳለች ከቀረች ደግሞ አልፎበታል።

እውነቱን ለመናገር ድፎ ገመና ሸፋኝ ነው። ትንሽ ቢወርድም በኮባው ታቅፎ ይወጣል፤ ተቆርሶ ሲበላ ማን ያየዋል? የሳንድዊች ዳቦ ግን በስሱ ስለሚቆረጥ እያንዳንዷን ቀዳዳ ያሳብቃል።

የዛሬው አልሰመጠም። 180 ዲግሪ ላይ 35 ደቂቃ ቆየ፤ ሥሩን ሳንኳኳው ከበሮ ከበሮ አለ። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ግን ውስጡ ቢላው ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህ ይቀዝቀዝ ብዬ ነው እናንተን ማውራት የጀመርኩት።

ቆይ... «አልቀዘቀዘም እንዴ?» ትለኛለች ልጄ በር ላይ። ቢላውን ከየት አመጣሽው አንቺ? ቆይ፣ መጣሁ።