ሐሙስን ብቻ ይተዉልኝ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ርዕሰ መምህራን፣ መምህራን፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች፣ የወላጅ ተወካዮች፣ ክቡራን እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ።

ወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት ነበር። አንዳንዶቻችሁ ሳታዩት ተቀምጣችሁበታል፤ ከኋላ ረድፍ ከሥራቸው ሲጎትቱ ያየኋቸው አሉ። አጀንዳ አይደለም፤ አጀንዳው በር ላይ ተሰጥቷችኋል። ይሄኛው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሳምንት ፕሮግራም ነው። ልጅቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ግን ሁላችሁም ክፍል ውስጥ አለች።

ሳጥኖቹን ቁጠሯቸው። 5 ቀን፣ በቀን 7 ክፍለ ጊዜ፣ 35 ሳጥን። 32ቱ ተሞልተዋል፤ ቋንቋው፣ ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ ታሪኩ፣ ስፖርቱ። 3ቱ ባዶ ናቸው። ከታች ሁለት ማስታወሻ አለ። አንዱ የልጅቷ ነው፤ «ምርጫዬ ሥዕል፣ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ» ይላል። ሌላው የሒሳብ መምህሯ ነው፤ «ማጠናከሪያ ያስፈልጋታል፣ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ» ይላል።

3 ሳጥን፣ 6 ክፍለ ጊዜ የሚፈልግ ጉዳይ። እርሳስም ላጲስም አብሮ አለ። አሁን አትሙሉት። መጀመሪያ ላስቸግራችሁ።

ሰብሳቢ የመክፈቻ ንግግሩን በዓመቱ ሪፖርት ነው የሚጀምረው። ሪፖርቱ ታትሟል፤ ጸሐፊያችን ከእረፍት በኋላ ያቀርቡታል፤ ከኔ የተሻለም ያነቡታል። እኔ ጊዜዬን በነዚህ 3 ሳጥኖች ላይ ልጨርሰው።

በየትምህርት ቤታችን ተማሪው ራሱ ስለሚመርጠው የምርጫ ትምህርት የሚያስብ አንድ ኮሚቴ አለ። ስለ ተማሪዎች ድጋፍ የሚያስብ ሌላ ኮሚቴ አለ። ሁለቱ አብረው ተቀምጠው አያውቁም። የሚገናኙት እዚህ ባዶ ሳጥን ላይ ነው፤ እዚያም የሚገናኙት ለመሻማት ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ደግሞ ይታወቃል። ጎበዙ ልጅ ሥዕል ይማራል፣ ሙዚቃ ይማራል፣ ኮዲንግ ይማራል። ደከም ያለው ልጅ ሒሳብ ይማራል፤ ከዚያ ደግሞ ሒሳብ ይማራል። የድጋፉን ዋጋ የሚከፍለው በምርጫው ነው። ይሄን ዋጋ ማን እንደቆረጠው ብትጠይቁ መልስ የሚሰጥ የለም። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው ይባላል።

ድልድሉን የሚሠራው ሰው እኔ ነበርኩ። ከብዙ ዓመት በፊት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ ስሠራ ማለት ነው። ሥራውን የሞከራችሁት ታውቁታላችሁ፤ አንዱን መምህር ነቅነቅ ስታደርጉ ሦስት ክፍል ይናዳል።

አንድ ልጅ ነበር። ሒሳብ አይሆንለትም። ሥዕል መርጧል፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ። የሒሳብ ዲፓርትመንት ማጠናከሪያ የሚገቡትን ልጆች ስም አመጣልኝ፤ የሱም አለበት። ላጲሴን አነሣሁ። ወረቀቱ ስስ ነበርና «ሥዕል» የሚለውን ስፍቅ የሐሙሱ ሳጥን ተቀደደ። ከጀርባው ፕላስተር ለጠፍኩበትና ከፊት በስክሪብቶ «ሒሳብ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ልጁ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። አልተከራከረም። «ቲቸር፣ ሐሙስን ብቻ ይተዉልኝ» አለኝ። ሁለቱን ቀን ሒሳብ ልማር፣ አንዷን አትንኩብኝ ነው የሚለው። እኔም «ይሄ ለራስህ ጥቅም ነው» አልኩት። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ስንቴ እንዳልኳት እንጃ።

ከሁለት ወር በኋላ የስም መጥሪያውን ሳገላብጥ ልጁ ሐሙስ ሐሙስ የለም። ከማጠናከሪያው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ነው የሌለው። ከዚያ በፊት ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም። የሒሳብ ውጤቱስ? ከ31 ወደ 38 ወጥቷል። እንግዲህ ፍረዱ። 7 ማርክ ሰጥቼ በሳምንት አንድ ቀን ወስጄበታለሁ።

የሥዕል መምህሩ በኋላ የልጁን የቆየ ሥራ አሳየኝ። ትንሽዬ ፎቶ ላይ በማስመሪያ ካሬ ካሬ አስምሯል። ከዚያ ካርቶን ላይ 3 እጥፍ አሳድጎ ስሎታል። እያንዳንዷ 2 ሳንቲ ሜትር 6 ሆናለች። አንዷም ካሬ አልተዛነፈችም። ያን ሰሞን ማጠናከሪያው ላይ ወደቀ የተባለው ደግሞ በሬሾና ፕሮፖርሽን ፈተና ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር በራልኝ ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ድልድሉን አልነካሁትም። ሰሚስተሩ እስኪያልቅ እንደነበረ ሄደ።

ይሄ የኔ ታሪክ ነው፤ አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ ልክ ነው። እንዲያውም በተቃራኒው የሚያስረዳ ነገር ራሴ ላምጣ።

የቺካጎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ውሳኔ ወሰኑ። በ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ከአገር አቀፉ መካከለኛ ነጥብ በታች ያመጡ ልጆች 9ኛ ክፍል ሲገቡ አልጀብራን በሁለት ክፍለ ጊዜ ይማሩ ተባለ። ተጨማሪው ክፍለ ጊዜ ያው ከሌላ ትምህርት የተቀነሰ ነው። ተመራማሪዎች ልጆቹን ለዓመታት ተከታተሏቸው። የፈተና ውጤታቸው ተሻሻለ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱትም ኮሌጅ የገቡትም በዙ። በተለይ ንባብ የሚከብዳቸው ልጆች ተጠቀሙ። ቀላል ነገር አይደለም። «ሥዕሉ ይቅር» የሚል ሰው ይሄን ይዞ ቢመጣብኝ ባዶ እጄን አልቆምም፤ ግን ላብ ያሰምጠኛል።

ነገሩን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን የጨመሩት ጊዜ ብቻ አልነበረም። ለመምህራኑ ሥልጠና ሰጥተዋል፤ ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀ ማስተማሪያ አቅርበዋል። እኛ ማጠናከሪያ የምንለውን እናውቀዋለን። ትናንት ያልገባውን ዛሬ ጮክ ብሎ መድገም ነው። ያውም በደከመ መምህር፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። ለዚህ ብሎ ሳጥን መፋቅ ይከብደኛል።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሜሪ ካትሪን ስዋንሰን የተባሉ የእንግሊዝኛ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1980 በክሌርሞንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 32 ተማሪዎች ይዘው ጀመሩ። ልጆቹ ትምህርት ቤቶች በዘር እንዳይለያዩ በወጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት ከሌላ ሰፈር ወደዚያ የመጡ ናቸው። ብዙ ሰው ቀለል ያለ ክፍል ይሰጣቸው ነበር የሚለው። እሳቸው ከባድ ክፍሎች ውስጥ አስገቧቸው። ድጋፉን ደግሞ ራሱን የምርጫ ትምህርት አደረጉት። በዚያ ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ አያያዝ፣ ጥያቄ አጠያየቅ፣ በቡድን ማጥናት ይማራሉ። የኮሌጅ ተማሪዎች እየመጡ አብረዋቸው ይሠራሉ። አቪድ የሚባለው ፕሮግራም ከዚያች ክፍል ነው የወጣው፤ ዛሬ በብዙ ሺህ ትምህርት ቤቶች አለ።

አዎ፣ አቪድም አንድ ሳጥን ይበላል። ግን ልጁ አመልክቶ፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት የሚገባበት ሳጥን ነው። ማንም በላጲስ አላስገባውም። ስሙ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ «እነዚህ ማጠናከሪያ» አልተባለም። ልጆች ይሄን ልዩነት ከኛ ቀድመው ያሸቱታል።

የምርጫ ጉዳይ ከጥንትም የሚያጣላ ነው። ቻርልስ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1869 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ተማሪው ኮርሱን ራሱ ይምረጥ ብለው ተነሡ። 40 ዓመት በወንበራቸው ሲቆዩ የግዴታ ኮርሶች ከሥራቸው እየረገፉ ሄዱ። እሳቸው የመሩት የአሥር ሰዎች ኮሚቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሪፖርት አወጣ። ከሐሳቦቹ አንዱን ወድጄዋለሁ። አንድ ትምህርት ከተሰጠ፣ ኮሌጅ ለሚገባውም ለማይገባውም በአንድ መልክ ይሰጥ ይላል። የልጁን መድረሻ በ14 ዓመቱ አንወስንበት እንደማለት አድርጌ ነው የምወስደው።

መምረጥ ግን ብቻውን ምንም አይደለም። የምርጫ ቅጽ ሲሞላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ይሞላል፣ አራቱ ከሱ ላይ ይገለብጣሉ። ጓደኛ የት ገባ፣ ማርክ የሚሰጠው የቱ ቲቸር ነው፣ የቤት ሥራ የሌለው የቱ ነው። አልፈርድባቸውም። የኮርሱን መግለጫ የጻፍነው እኛ ነን፤ «ተማሪው መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦችን ይገነዘባል» ይላል። ይሄን አንብቦ ማን ይመርጣል? እኔም ከጓደኛዬ እገለብጥ ነበር።

የሚያማክራቸውስ አለ? የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለ250 ተማሪ 1 አማካሪ ይላል። ይሄ እንደ ጥሩ ሁኔታ የሚታይ ቁጥር ነው። እስቲ እናስላው። አማካሪዋ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ደቂቃ ብቻ ብትሰጥ 5,000 ደቂቃ ነው፤ ከ83 ሰዓት በላይ። በቀን 7 ሰዓት፣ ሌላ ሥራ ሳትሠራ፣ ቀና ሳትል፣ 12 የሥራ ቀን ሊሆን ምንም አይቀረው። እኛ ቅጹን ዓርብ አድለን ሰኞ እንሰበስባለን።

ፊንላንዶች ለዚህ ያመጡት ዘዴ ደስ ይለኛል። እዚያ የትምህርት ምክር ራሱ የግዴታ ኮርስ ነው። ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ ከሚያስፈልገው 150 ክሬዲት 4ቱ የዚሁ ነው። እንዴት እንደሚመርጥ ይማራል፤ ክፍለ ጊዜ ተይዞለት።

ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በክሬዲት አድርጋዋለች። ልጁ ኮርሶቹን እየመረጠ 192 ክሬዲት ያሟላል። ሲጀመር ኮርስ ለማለፍ ከክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስተኛ መገኘትና 40 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል ተባለ። ከሱ ጋር አብሮ፣ 40 የማይደርሰውን ልጅ ትምህርት ቤቱ እንዲደግፍ ግዴታ ተጣለበት። ምርጫና ድጋፍ በአንድ ደንብ ሲመጡ ያየሁት እዚህ ነው። መምህራኑ ሥራ በዛብን ብለው ጮኸዋል። አይፈረድባቸውም። እኛም ሰው ሳንጨምር ደንብ ብቻ ብንጨምር እንደነሱ እንጮሃለን፤ ምናልባት ከነሱ በላይ።

ታዲያ ምን ልበል? ማጠናከሪያ ይቅር እያልኩ አይደለም። ያ ልጅ ሒሳብ ያስፈልገው ነበር። እኔ የምለው፣ ሳጥን ከመፋቃችን በፊት ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠየቅ። «ከሦስቱ የትኛውን ልተውልህ?» ብለን ብንጠይቀው መልሱን ይዞት ነበር፤ እኮ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ማጠናከሪያ የገባ ልጅ ደግሞ የሚወጣበት ቀን ይጻፍለት። 6 ሳምንት፣ 8 ሳምንት፣ የፈለጋችሁትን፤ ብቻ ይጻፍ። ስንት ልጅ አለ መስከረም የገባ፣ ማንም አውጣው ስላላለ ብቻ ዓመቱን እዚያ የሚጨርስ! የሥዕል መምህሩና የሒሳብ መምህሩስ ስለ አንድ ልጅ 10 ደቂቃ ቢያወሩ? ያ ካርቶን ሒሳብ ክፍል ቢገባ ኖሮ የሬሾውን ምዕራፍ ያስተምር የነበረው ልጁ ራሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ድልድል ላይ ሲደርስ እንደሚጋጭ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የዛሬው የመጀመሪያ ውይይት ከሐሳብ ሳይሆን ከድልድል የሚጀምረው። ድልድል የምትሠሩ ምክትሎች በግራ በኩል ያለው አዳራሽ የናንተ ነው። አማካሪዎችና መምህራን ግን ተለይታችሁ አትቀመጡ፤ እዚያው ከነሱ ጋር ግቡ። ኮሚቴዎቹ ቢያንስ ዛሬ ይተያዩ።

አሁን እርሳሱን አንሡ። 5 ደቂቃ አላችሁ። 3ቱን ሳጥን እንደመሰላችሁ ሙሏቸው። ስማችሁን አትጻፉ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ላይም አትገልብጡ፤ አይቻችኋለሁ። ላጲስ የተጠቀመ ወረቀቱ እንዳይቀደድበት ቀስ ይበል፤ ስስ ነው፣ ሆን ብዬ ነው ያስመረጥኩት። የፊት ረድፍ ላይ ያላችሁ ሰብስባችሁ ወደ ግራው አዳራሽ ይዛችሁ ግቡ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።