ዳኛ የፈረደውን ሽማግሌ ለምን ይደግመዋል?

እንዴት ናችሁ ወገን? ዛሬ ሁለት አገሮች ጦርነት አፋፍ ላይ ደርሰው እንዴት እንደተመለሱ ነው የምናወራው። አርጀንቲናና ቺሊ። ማራዶናን ለዛሬ እርሱት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ ኋላ ኮሜንት ላይ እንዳንጣላ።

ግን መጀመሪያ ወደ ሰፈራችን ልውሰዳችሁ። ያደግኩበት ሰፈር ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣሉ። መሬቷ አንድ ክንድ አትሞላም። አንድ ክንድ! ፍርድ ቤት ሄዱ፣ አንደኛው ረታ፣ ቆርቆሮው ተተከለ። አለቀ? ምን ያልቃል! የተረታው ሰውዬ ሌሊት እየተነሳ ቆርቆሮውን በድንጋይ ይደበድባል። ሰፈሩ በሙሉ እንቅልፍ አጣ።

በመጨረሻ አንድ አባባ ገቡበት፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ። ከዚህ ቤት ወጥተው እዚያ ቤት ይገባሉ። ቡና ሲቀርብላቸው፣ «እሺ ካላላችሁኝ አልቀምስም»። አንዱ «ሌባ ነህ በሉልኝ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ማዶ ተሻግረው «ትንሽ ቅር ብሎታል» ነው የሚሉት። ሌባዋን መንገድ ላይ ጥለዋት! (ይህን ሙያ ለሰርግ ሽማግሌዎችም እመኛለሁ።)

ምን ይዘው መጡ? አጥሩ ባለበት ይቆይ። የረታው ሰውዬ የጣሪያ ውሃ ግን በአሸንዳ ወደ ተረታው በርሜል ይውረድ። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ድብደባው ቆመ። በርሜሏን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እሺ፣ ደቡብ አሜሪካ። ጫፉ ላይ ቢግል የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። ምሥራቃዊ አፉ አካባቢ ሦስት ደሴቶች አሉ፤ ፒክተን፣ ሌኖክስና ኑዌቫ። ንፋስና ብርድ ነው። ታዲያ ምኑ ያጣላል? ባሕሩ! ደሴቷን የያዘ ዙሪያዋን ያለውን ውሃም ይጠይቃል። ቺሊ በዚያ በኩል ወደ አትላንቲክ ልትዘልቅ ነው። አርጀንቲና ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ።

ለግልግል ዳኞች ተሰጠ። ዳኞቹ በ1977 ደሴቶቹ የቺሊ ናቸው ብለው ፈረዱ። አርጀንቲና በጃንዋሪ 1978 ፍርዱን ውድቅ ነው አለችው። ዲሴምበር ላይ መርከቦቿ ለወረራ ባሕር ላይ ነበሩ። ሁለቱንም አገር የሚገዛው ወታደር ነው፤ አስቡት።

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «ሽማግሌ ማለት ዳኛ ነው፣ ይፍረድና ይገላግለን» ብላችኋል። ኧረ አይደለም! ዳኛ ማን ልክ እንደሆነ ይነግርሃል። ሽማግሌ ሁለቱም እሺ ካላሉ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። «ታዲያ ባድመስ?» ያላችሁም አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ። በዲሴምበር 2000 አልጀርስ ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራን ስምምነት ያስፈረሙት አደራዳሪዎች ናቸው። ድንበሩን የወሰነው ግን አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው። ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ይሆናል ተብሎ ተፈርሟል። በኤፕሪል 2002 ወሰነ፣ ባድመ ለኤርትራ ሆነች። ከዚያስ? እስከ 2018 ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ኑሮ። ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን እዚህ አልገባበትም፤ ኮሜንቱን አውቀዋለሁ። የኔ ነጥብ ቆርቆሮው ተተክሎም ድንጋዩ ሊቀጥል ይችላል ነው።

ወደ ቢግል። ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰዓት ሄደ። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ከተመረጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው። የ73 ዓመቱን ካርዲናል አንቶኒዮ ሳሞሬን ላኩ። ሁለቱም አገሮች ካቶሊክ ናቸው፤ ማን ደፍሮ በር ይዘጋባቸዋል? ሳሞሬ በፈረንጆቹ ገና ማግስት የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ደረሱ። ከዚያ ወደ ቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ፣ ተመልሰው ወደ ቦነስ አይረስ። ልክ እንደኛ አባባ፣ እዚህ መሃል ግን የአንዲስ ተራራ አለ! በጃንዋሪ 1979 ሁለቱ አገሮች ሞንቴቪዴዮ ላይ ኃይል ላለመጠቀም ፈረሙ። በ1980 ጳጳሱ የመፍትሔ ሐሳብ አቀረቡ። ቺሊ እሺ አለች፣ አርጀንቲና አልተዋጠላትም። አራት ዓመት ተጎተተ። ይሄ መጎተት ራሱ የሽምግልናው ሥራ ነው። በመሃል አርጀንቲና ከእንግሊዝ ጋር በገጠመችው የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት ተሸነፈች፣ ወታደሮቹ ወረዱ፣ የተመረጠ መንግሥት መጣ። በኖቬምበር 1984 ሕዝቡ ተጠይቆ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆነው «ይሁን» አለ፤ በቀናት ውስጥ ቫቲካን ላይ ተፈረመ።

ደሴቶቹስ? የቺሊ ሆኑ። አዎ፣ ልክ ዳኞቹ በ1977 እንዳሉት! አብዛኛው ባሕር ግን ለአርጀንቲና ደረሰ። በርሜሏን አያችኋት?

ሳሞሬ ፊርማውን አላዩም፤ በ1983 አረፉ። ዛሬ ከቺሊ ወደ አርጀንቲና አንዲስን በመኪና የሚሻገር ሰው ከሚያልፍባቸው የድንበር በሮች አንዱ በስማቸው ይጠራል። ፓስፖርት የሚመታበት ቦታ ነው እንግዲህ። በሚቀጥለው ቪዲዮ በ1963 አፄ ኃይለ ሥላሴ ባማኮ ላይ አልጄሪያና ሞሮኮን ለማስታረቅ የገቡበትን አመጣላችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ እስክታደርጉ ቡናውን አልቀምስም።