እስከ አራተኛው መጽሐፍ ታገሺ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው፣ ለምጄዋለሁ፣ እናንተም ትለምዱታላችሁ።

ስለ አንድ መጽሐፍ ላወራችሁ ነው። አንድ ስል ተሳሳትኩ፣ 14 ነው። ኋላ ላይ የወጣችዋን የመቅድም መጽሐፍ ከቆጠራችሁ 15። ዘ ዊል ኦፍ ታይም ይባላል፣ የዘመን መንኮራኩር በሉት። ፋንታሲ የሚወድ ጓደኛ ያለው ሰው ይሄን ስም ሳይሰማ አይቀርም። እኔን የነዘነዘችኝ አብሮ አደጌ ናት፣ ሲያትል ነው ያለችው፣ በደወለች ቁጥር "ጀመርሽ?" ነው። መጨረሻ ላይ ሲሰለቻት የመጀመሪያውን ቅጽ በአክስቴ እጅ ላከችው።

አክስቴ ከቦሌ ወጥታ ገና ሳንሳሳም "ይሄን ጡብ ያሸከምሽኝ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። 800 ገጽ ገደማ ነው። የኪስ እትም ይሉታል፣ የማን ኪስ እንደሆነ እንጃ። "በሱ ቦታ ሁለት ጫማ ይገባ ነበር" አለች። እውነቷን ነው፣ ምን እላለሁ።

እና ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። መጀመሪያ ላይ አንድ ያበደ ሰው በፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሚስቱን እየጠራ ይዞራል፣ የገደላት እሱ ራሱ ነው፣ ግን አያውቅም። ጎሽ፣ ይሄማ ደስ ይላል ስል፣ ገጽ ስገልጥ የበግ አርቢዎች መንደር ውስጥ ነኝ። ራንድ፣ ማት፣ ፔሪን፣ ኤግዌን፣ ናይኒቭ። ፊት ለፊት ካርታ፣ ከኋላ የቃላት መፍቻ። ማትሪክ የምፈተን መሰለኝ። ዘጋሁት።

በሁለተኛው ዙር የሠራሁት ስህተት ሰው መጠየቅ ነው። ያላማከርኩት የለም። አንዱ "እስከ አራተኛው መጽሐፍ ታገሺ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጥመው" ይላል። ሌላው "አራተኛውስ ጥሩ ነው፣ ግን ከሰባት እስከ አሥር ይጎተታል፣ አደራ እንዳታቋርጪ።" ይሄ ምክር ነው ማስፈራሪያ? እኛ ቡና ስናፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ምርጡ መጀመሪያ ይቀዳል። አቦሉ ውኃ ከሆነ ማንም በረካውን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ አራተኛ ስኒ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። አሁንም አቋሜ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ካልያዘሽ ተይው፣ ዕዳ የለብሽም።

እኔን ግን ያዘኝ። በሦስተኛው ሙከራ።

ክረምት ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 9 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እሱም ከጠፋ ማንቂያ ደወል የለኝም። ስለዚህ ሻማ አበራሁና ያን ጡብ አነሳሁ። ትሮሎክ የሚባሉ ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆኑ ፍጥረቶች የነራንድን የእርሻ ቤት በሌሊት ይሰብራሉ። የልጁ አባት ታም ይቆስላል። ልጁ ከጋሪው እንጨትና ከብርድ ልብስ ቃሬዛ ነገር ይሠራና አባቱን በጨለማ ጫካ ውስጥ እየጎተተ ወደ መንደር ይሄዳል። መንገዱን ፈርቶታል፣ በዛፎቹ መሃል ነው የሚሄደው። አባትየው ትኩሳት ላይ ነው፣ ይቃዣል። ስለ ጦርነት ያወራል፣ ስለ በረዶ ያወራል፣ ከዚያ በተራራ ጥግ ላይ ተጥሎ ስላገኘው ሕፃን። ልጁ ቀስ እያለ ይገባዋል፣ ስለ ማን እንደሚያወራ። ቃሬዛውን ግን አይለቅም። ምን ያድርግ?

አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሳድር፣ ሌሊት ላይ ትኩሳቱ ሲወጣ የአንዲት ሴት ስም ይጠራ ነበር። የእናቴ አይደለም፣ የእህቶቹም አይደለም። እኔ ፎጣ እየነከርኩ ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ፣ እሱ ይጠራታል። ሲነጋ ሾርባ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ ምንም አልጠየቅኩትም። አሁን ደህና ነው፣ ምናልባት ይሄንንም ይሰማ ይሆናል። አባዬ፣ አሁንም አልጠይቅህም።

እና ያን ሌሊት ሻማዋ እስክታልቅ አነበብኩ። ስለ ድራጎንና ስለ አስማት የሰበኩኝ ሰዎች ይሄን ለምን እንዳልነገሩኝ አላውቅም።

ሌላ የወደድኩት ነገር አለ። አይስ ሰዳይ የሚባሉ ሴቶች አሉ፣ የአስማት ኃይል ያላቸው። ሦስት መሐላ ይምላሉ፣ አንደኛው እውነት ያልሆነ ቃል ላለመናገር ነው። በቃ መዋሸት አይችሉም፣ ቢፈልጉም አፋቸው እምቢ ይላል። እንግዲህ ዓለም በሙሉ ያምናቸዋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ጭራሽ! እንደነሱ የሚጠረጠር የለም። ምክንያቱም የሚሉት ሁሉ እውነት ነው፣ እናንተ የሰማችሁት ግን ሌላ ነው። ሰምና ወርቅ ነው እኮ! ሞሬይን የምትባለዋ ስትናገር እኔ እንደ ቅኔ ተማሪ አንዴ አንብቤ እመለሳለሁ፣ ሰሙን ጥዬ ወርቁን ፍለጋ። እኛ ቤትም አለ ይሄ። "ብር አለሽ?" ሲሉኝ "ደሞዝ ገና ነው" እላለሁ። ደሞዝ ገና ነው፣ ውሸት የለውም። ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ግን ማንም አልነገራችሁም።

ዘመን ይዞራል የሚለው ነገርም ብዙ አልከበደኝም። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ በየአራት ዓመቱ ለሚዞር ሰው ምን ይገርማል።

የሚያናድደኝም አለ። ናይኒቭ በተናደደች ቁጥር ሹሩባዋን ትጎትታለች። እነሱ መንደር ሴት ልጅ ሹሩባ የምትሠራው የሴቶቹ ማኅበር ለትዳር ደርሰሻል ሲላት ነው፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ይሁን። ግን እንደዛ እየጎተተች መላጣ አለመሆኗ ተአምር ነው። ደራሲው ደግሞ የልብስ ጥልፍ ከጀመረ አያቆምም። የመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻም ጥድፊያ በጥድፊያ ነው፣ ሁለቴ አንብቤ በደንብ አልገባኝም።

ደራሲው ሮበርት ጆርዳን ነው፣ የብዕር ስሙ ማለቴ ነው፣ ትክክለኛ ስሙ ጄምስ ኦሊቨር ሪግኒ። የሳውዝ ካሮላይና ሰው፣ ፊዚክስ የተማረ፣ ቬትናም ሁለቴ ዘምቶ ሄሊኮፕተር ላይ መትረየስ የተኮሰ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ የታም ቅዠት ሌላ ሆነብኝ። ጦርነት የገባ ሰው በሌሊት ምን እንደሚያወራ ያውቃል ማለት ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1990 ወጣ፣ እሱ 2007 ላይ ሳይጨርስ ሞተ። ታሞ እያለ መጨረሻውን ለቤተሰቡ እየተናገረ አስቀድቷል። አርታኢውም ሚስቱም የሆነችው ሃሪየት ማክዱጋል፣ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለ ወጣት ደራሲ ስለ ባሏ የጻፈውን የኀዘን ጽሑፍ አንብባ እሱን መረጠች። ከልጅነቱ ጀምሮ አንባቢው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት መጻሕፍት እሱ ጽፎ 2013 ላይ ተቋጨ።

"ፊልሙን እይና ተገላገይ" የምትሉኝ አላችሁ። ሦስት ሲዝን ተሠርቶ 2025 ላይ ተቋረጠ እኮ። እዚያም ጉዳዩ አላለቀም።

ለማንኛውም፣ ትናንት ለጓደኛዬ ደውዬ "ሁለተኛውን ላኪልኝ" አልኳት። በደስታ ጮኸች። ችግሩ፣ በቅርብ የሚመጣ ሰው ያቺው አክስቴ ብቻ ናት። ደወልኩላት። "አክስቴ፣ አንድ ትንሽ ዕቃ ነበረች" አልኩ። ዝም አለች። ዝም ብላ ቆይታ "ስንት ገጽ ነው?" አለችኝ።

እኔም "ያለፈውን አያክልም" አልኳት። አይስ ሰዳይ ብሆንም አፌ እምቢ አይለኝም ነበር፣ ውሸት የለውም። ቻው፣ ሳምንት እንገናኝ።