ተረኛ ሲቀያየር፦ ለአቃቂ ቃሊቲ የመጋዘን ጥበቃ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ በብርድና በጭቃ አብረን ያደርን የጥበቃ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ!

የተጠራሁት ስለ መሣሪያ አያያዝ በሙሉ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ልቤን የሚያቃጥለው ግን ተረኛ ሲቀያየር የሚደረገው ርክክብ ነው።

ባለፈው ክረምት ከቀለበት መንገዱ ወዲያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ንጋት ላይ የሌሊቱ ተረኛ ክላሹን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ፣ «ባዶ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። ተቀባዩ ልጅ ጠንቃቃ ነው፤ ላረጋግጥ አለ። ማቀባበያውን ሲስብ አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ወደቀች። አንስቶ ኪሱ ከተታት፤ አሁንስ ባዶ ሆነ ብሎ ምላጩን ሳበ። ጥይት የሚይዘውን ካዝና ግን አልነቀለውም ነበር! ማቀባበያው ሲመለስ ሁለተኛዋን አጉርሷል። ጥይቷ ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት በስታ፣ ከአጥሩ ውጭ ሻይ የምታፈላውን እህታችንን በራድ መታች። እሷ የተረፈችው ከሰሉን ልታራግብ ጎንበስ ብላ ነው። የፈላው ውኃ ግን እጇን ልጦታል።

ልጁን ሁሉም ወቀሰው። ማን አስተማረው? ማንም!

ስለዚህ ስሙኝ። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ከምላጩ ይራቅ። ክላሽ ከሆነ ካዝናው ይቀድማል፤ መጀመሪያ ይነቀላል። ቀጥሎ በቀኝ ጎን ያለችው፣ ተኩስ የምትቆልፈው መጠበቂያ ትወርዳለች፤ ከላይ ሳለች ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስትወርድ መጀመሪያ የምታገኘው ተከታታዩን ተኩስ ነው፣ ነጠላው ተኩስ ከታች ነው፤ ደንግጦ መሃል ላይ የተዋት ሰው ምን እንደሚያርከፈክፍ አስቡት። ከዚያ ማቀባበያው ይሳባል፣ የጎረሰችው ትወጣለች። አስረካቢም ተረካቢም ውስጡን በዓይን ያያሉ፤ ከጨለመ በጣት ይዳስሳሉ። ሲሞኖቭ የሚባለውን ጠመንጃ የያዛችሁ፣ 10 ጥይት የሚይዘው ካዝናችሁ አይነቀልም፤ ከሥር ተከፍቶ ይራገፋል።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ አሠሪዎች! በር ላይ ካሜራ ሰቅላችኋል፣ አጥር ላይ እሾህ ሽቦ ዘርግታችኋል። ታዲያ በየጥበቃ ቤቱ ደጃፍ አሸዋ የሞላ አንድ በርሜል ማቆም እንዴት አቃታችሁ? አፈሙዙ ወደዚያ ዞሮ ቢራገፍ፣ ያመለጠችውን ጥይት አሸዋው ያስቀራት ነበር። ከገጠር የመጣ ልጅ በገባ ማግሥት መሣሪያ ታስታቅፉታላችሁ፤ ግማሽ ቀን ሥልጠና ሲጠየቅ ግን በጀት የለም ይባላል! ይህ ነውር ነው!

ሌላውን ባጭሩ ልበል። ሰርግ ላይ አትተኩሱ፤ ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። የቀመሰ ሰው መሣሪያ አይረከብ። ቤት ያላችሁ መሣሪያ ከጥይቱ ተለይቶ ይቆለፍበት፤ ልጆች አሉ። ፈቃድ የሌለው ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አይዘንጋ።

ከአዳራሹ ጀርባ አሸዋ የሞላ በርሜል አቁመናል። አንድ ክላሽና አንድ ሲሞኖቭ አሉ። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ፣ ባዶነታቸውን ሁለታችሁም እያያችሁ ትረካከባላችሁ። አሠሪዎችም አትሂዱብን፤ ቆማችሁ እዩ። አመሰግናለሁ።