ልጅ ለምን የአባቱን መኪና አይመኝም?

ሰናይት፦ ጋሽ በቀለ፣ መኪና ሲባል መጀመሪያ ዓይንዎ ላይ የሚመጣው የቱ ነው?

በቀለ፦ ቮልስ! ሞተሯ ከኋላ፣ የምትቀዘቅዘው በአየር፣ ራዲያተር የሚባል የላት። መፍቻና ካቻቢቴ የያዘ ጎበዝ ልጅ ራሱ ፈታ አድርጎ ይገጥማታል። ማምረቱ እስከቆመበት እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ይቅርታ።

ሰናይት፦ እኔ ደግሞ ከፍ ያለች ኤስዩቪ ናት የምትመጣብኝ። ቮልስ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን ሁለት ልጆች ከነዕቃቸው ይዤ ልገባባት? አይሆንልኝም።

በቀለ፦ አየሽ፣ እሱ ጋ ነው የምፈልግሽ። ሰው "የዘመኑ ልጅ ምርጫው እንዲህ ነው" ሲል ለእኔ ቀድሞ የሚታየኝ የነዳጅ ዋጋና የቤተሰብ ብዛት ነው። ሚኒ የምትባለው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና በ1959 የወጣችው እኮ በ1956ቱ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ነዳጅ ስላጠረ ነው። ሞተሯን አግድም አስቀምጠው፣ ከትንሽ አካል ለአራት ሰው ቦታ አወጡ። ከዚያ የ60ዎቹ ወጣት አንስቶ የዘመናዊነት ምልክት አደረጋት።

ሰናይት፦ ሙስታንግስ? እሱን እንኳ ችግር የወለደው አይመስለኝም።

በቀለ፦ እሱን የወለደው የወጣቱ ብዛት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለዱት ልጆች መንጃ ፈቃድ የሚያወጡበት ጊዜ ነበር። ፎርድ ኤፕሪል 1964 ላይ ረጅም ኮፈን፣ አጭር ኋላ ሰጣቸው። ከሥር ግን ፋልከን ናት፣ ተራ የቤተሰብ መኪና! ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ሲመጣ ግን ብዙው ገዢ ፊቱን ወደ ትናንሾቹ የጃፓን መኪናዎች አዞረ።

ሰናይት፦ እኔን የሚገርመኝ የቤተሰብ መኪና ነው። አሜሪካን ብንወስድ፣ መጀመሪያ ስቴሽን ዋገን ነበር፣ ኋላው ረዘም ብሎ ዕቃ የሚጭነው የቤት መኪና። የስቴሽን ዋገን ልጆች አድገው ሲወልዱ በ1983 መመረት የጀመረውን የክራይስለር ሚኒቫን፣ ቫን መሰሉን የቤተሰብ መኪና ገዙ። የሚኒቫን ልጆች ደግሞ ሲወልዱ "ሚኒቫንማ አልነዳም" ብለው ኤስዩቪ ገቡ። ሥራው ግን ያው ነው፣ ልጅና ዕቃ መጫን። ልጁ ሥራውን አይደለም የሚጠላው፣ ከመሪው ኋላ እናቱን መምሰሉን ነው።

በቀለ፦ ታዲያ ኤስዩቪውን እኛ ሽማግሌዎቹም ገዛነው እኮ!

ሰናይት፦ ለምን?

በቀለ፦ ጉልበት! ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ ትወድቂበታለሽ፤ መውጫው ላይ ደግሞ የሚያነሳሽ ሰው ያስፈልግሻል። ወንበሩ ዳሌሽ ጋ ሲሆን ግን ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው። ሆንዳ ኤለመንት የሚባለውን ታውቂዋለሽ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለወጣት ተብሎ የወጣ። ወለሉ የሚወለወል፣ የኋላ በሩ ወደ ኋላ የሚከፈት። ዕድሜው ገፋ ያለው ሰው አይቶ "ይሄ ለእኔ ነው" አለና ገዛው።

ሰናይት፦ ታናናሾቼ ስለ ፈረስ ጉልበት ከመጠየቃቸው በፊት "ከስልኬ ጋር ይገናኛል?" ነው የሚሉት። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሶፍትዌሩ ሲታደስ መኪናው ራሱ ጸባዩን ይቀይራል። እሱን ይወዱታል።

በቀለ፦ ይውደዱት። እኔን የሚያሳዝነኝ ኮፈን መክፈት መቅረቱ ነው። መኪናን ማወቅ ማለት ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን መለየት ነበር። አሁን ስትከፍቺው የሚያይሽ የፕላስቲክ ክዳን ነው።

ሰናይት፦ ግን በ90ዎቹ መኪና ያበዱ ወጣቶች አሉ እኮ! የ1989ኙ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር። አሜሪካ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከጥብቁ የደህንነት ደንብ ነፃ ሆኖ መግባት ስለሚችል፣ ዓመቱን እየቆጠሩ የሚጠብቁ አሉ። ማኑዋል ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው።

በቀለ፦ እውነትሽን ነው? በልጅነታቸው የተመኙትን ነው ማለት ነው። እንደኔው።

ሰናይት፦ ዛሬ ይግዙ ቢባሉስ?

በቀለ፦ ከፍ ያለውን፣ ለጉልበቴ። ማርሹ ግን በእጄ የሚገባ ካገኘሁ።