ፍሳሽን ሳይነኩ መለካት

(ምስል፦ ክፍት ቦይ። ጠቆር ያለ ፍሳሽ ያልፋል። ከላይ ትንሽ ነጭ መሣሪያ ተሰቅላለች።)

በዚህ ቦይ ውስጥ በሰከንድ ስንት ሊትር ያልፋል? ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ነገር በዚህ ቁጥር ይወሰናል። ኬሚካል የሚጨመረው እሱ ታይቶ ነው። ፓምፕ የሚነሳው፣ የሚቆመውም እንደዚያው። ዝናብ በሌለበት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ቁጥሩ አልወርድ ካለ ደግሞ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ የከርሰ ምድር ውሃ በተሰነጠቀ ቱቦ እየገባ ነው። ያንን ንጹሕ ውሃ እንደ ቆሻሻ ማጣራት ገንዘብን መድፋት ነው።

ለንጹሕ ውሃ ነገሩ ይቀላል። ቱቦው ውስጥ የምትሽከረከር ተርባይን አስገብቶ ዙሯን መቁጠር ይቻላል። ፍሳሽ ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ጨርቁ፣ ፀጉሩ፣ እርጥብ ሶፍቱ ተጠምጥሞ ያስቆማታል። ስለዚህ እዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፦ ከቻላችሁ አትንኩት።

(ምስል፦ ከፓምፕ የሚወጣ ቱቦ፤ መሃሉ ላይ ማግኔቲክ ሜትር።)

ከፓምፕ በኋላ ያለው ቱቦ ፍሳሽ ሲያልፍበት ሙሉ ነው። ለእሱ ማግኔቲክ ሜትር የሚባለው አለ። ሥራው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መግነጢሳዊ መስክን አቋርጦ ሲያልፍ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ፍሳሽ ውስጥ ጨው ስላለ ያስተላልፋል። በፈጠነ ቁጥር ቮልቴጁ ይጨምራል። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ግድግዳው ላይ ሁለት ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ብቻ። ቅባት ሲለብሳቸው ማጽዳት ነው።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ተራው ማግኔቲክ ሜትር ቱቦው ሁልጊዜ ሙሉ ይመስለዋል። ፍጥነቱን በሙሉው ስፋት ያባዛል። ቱቦው ግማሽ ከሆነ በድፍረት ይዋሻል። ለዚህ ነው ፍሳሽ ወደ ላይ በሚወጣበት ቋሚ ቱቦ ላይ ቢተከል የሚመረጠው።

(ምስል፦ መሃሉ በቪ ቅርጽ የተቆረጠ የብረት ሰሌዳ፤ ፍሳሽ በቁርጡ ላይ ይወርዳል።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚሄደው ቁልቁለትን ተከትሎ፣ በክፍት ቦይ ወይም በጎደለ ቱቦ ነው። እዚያ ላይ ባለሙያዎች ፍሰቱን በቀጥታ ከመለካት ይልቅ ብዙ ጊዜ ከፍታውን ይለኩና ፍሰቱን ያሰሉታል።

ይህ ሰሌዳ ቪ-ኖች ዊር ይባላል። የቁርጡ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው እንበል። ከኋላው ያለው ፍሳሽ ከቁርጡ ታችኛው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ፣ በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ ያልፋል። ከፍታው 20 ሴንቲሜትር ሲሆንስ? እጥፍ እንዳትሉ። 25 ሊትር ገደማ ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል።

ይህ ስሌት በሁለት በኩል የተሳለ ነው። 10 ሴንቲሜትሩን 11 ብላችሁ ካነበባችሁ፣ የፍሰቱ ስህተት 27 በመቶ ይደርሳል። አንዲት ሴንቲሜትር! ስለዚህ ቀጥሎ የምናያቸው መሣሪያዎች ሁሉ የሚታገሉት ከዚህችው ሴንቲሜትር ጋር ነው።

ዊር ርካሽ ነው፤ ግን ከኋላው ዝቃጭ ይከማችበታል። ለጥሬ ፍሳሽ እኔ ብሆን ፓርሻል ፍሉምን እመርጣለሁ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፓርሻል በ1920ዎቹ ለመስኖ ቦይ ያሳደገው ነው። ቦዩ መሃል ላይ ይጠብባል፣ ፍሳሹ ይፈጥናል፣ ቆሻሻውንም ጠራርጎ ያልፋል። ከጠባቡ አንገት በፊት፣ በተወሰነለት ቦታ ላይ ከፍታውን ታነባላችሁ። ቦታውን ከሳታችሁ ስሌቱም ይስታል።

(ምስል፦ አልትራሳውንድ መሣሪያ፤ የድምፅ ሞገድ ወርዶ ሲመለስ።)

ከፍታውን ማን ያነባል? የተለመደው አልትራሳውንድ ነው። እንደ ገደል ማሚቶ ድምፅ ይልካል፣ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ግን 331 ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሙቀቱን ማወቅ አለበት፤ ቴርሞሜትሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጡ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ይመጣል። ፀሐይ መሣሪያውን አግላው ከአየሩ በ10 ዲግሪ በለጠ እንበል። በ1 ሜትር ርቀት ላይ 1.7 ሴንቲሜትር ያህል ይስታል። ርቀቱን አብዝቶ፣ ፍሳሹን አሳንሶ ያነባል። ቀን ቀን ፍሰቱ ያለ ምክንያት የሚወርድ ከሆነ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት ለመሣሪያው ጥላ ሥሩለት። አረፋም ሌላው ጠላቱ ነው፤ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል።

ሌላው ራዳር ነው፤ በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚልክ ለሙቀትና ለእንፋሎት ብዙም ደንታ የለውም። በተለይ 80 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 80 ቢሊዮን ሞገድ) የሚባሉት ጨረራቸው ጠባብ ስለሆነ የጉድጓዱን ግድግዳና መሰላል ሳይነኩ ይወርዳሉ። ወፍራም አረፋ እነሱንም ያስቸግራል፤ ያም ሆኖ ለአዲስ ሥራ ቀድሜ የማስበው ራዳርን ነው።

አረፋ ለማይለቀው ጉድጓድ ደግሞ ወደ ታች የሚሰጥም የግፊት መለኪያ አለ። 1 ሜትር ውሃ 9.8 ኪሎፓስካል ያህል ይጫናል። የአየር ግፊትም ስለሚጫን፣ በኬብሉ ውስጥ አየር የምታስገባ ቀጭን ቱቦ አለችው። እርጥበት ከዘጋቻት፣ የ1 ኪሎፓስካል የአየር ለውጥ 10 ሴንቲሜትር ፍሳሽ መስሎ ይታያል። አትንኩት ያልነውን ሕግም ስለሚጥስ ማጽዳቱ አይቀርም።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ከላይ ሆኖ መሳብ የሚቻል መሆን አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይኖራል። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን አደንዝዞ፣ ሽታው ጠፋ ሲሉ ይገድላል። መለኪያ ለመወልወል ተብሎ ያለ ጋዝ መመርመሪያና ያለ ረዳት ማንም አይወርድም።

(ምስል፦ በኬብል የተንጠለጠለ ፍሎት።)

ራዳር ቢኖርም ይህችን ፍሎት አታውጧት። ፍሳሽ ሲያነሳት ማብሪያ ትነካለች፤ ሌላ ነገር አታውቅም። ከተለመደው ከፍታ በላይ ትሰቀላለች፣ ሽቦዋም በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ፓምፑና ወደ ማስጠንቀቂያ ደወሉ ይሄዳል። ራዳሩ ቢበላሽ፣ ኮምፒውተሩም ቢቆም፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ከመፍሰሱ በፊት ፓምፑን የምታስነሳው እሷ ናት።